የሚተኛ ወንበር ከመግዛታችሁ በፊት መቆለፊያውን ፈትሹ

ደሴ ላይ ወደ ኋላ የሚተኛ ተጣጣፊ ወንበር ልግዛ ብላችሁ ሱቅ ብትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚያስነካችሁ ጨርቁን ነው። «ንኪው እስቲ እህቴ፣ ኦሪጅናል ነው» አለኝ አንዱ። ጨርቁ እውነትም ጥሩ ነበር። ውሃ አይቋጥርም፣ አየር ያሳልፋል፣ ቶሎ ይደርቃል። ግን ጨርቅ ተቀዶበት የተጎዳ ሰው አላውቅም። መቆለፊያ የከዳው ግን አውቃለሁ። አንድ ጎረቤታችን መደገፊያው በድንገት ተለቆባቸው ክንዳቸውን በፋሻ አንጠልጥለው ከርመዋል። ስለዚህ ስለ ጨርቁ ብዙ አልልም። ልነግራችሁ የምፈልገው ወንበሩን ባቆማችሁበት ቦታ ስለሚይዘው ነገር ነው።

የገዛሁት ለአባቴ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከባድ መኪና ሲነዱ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስተው በባቲ ይወርዳሉ፣ ሚሌን ያልፋሉ፣ አሰብ ወደብ ይገባሉ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መስመሩን እስኪዘጋው ድረስ የዚያን መንገድ ጉድጓድ ሳይቀር በቃላቸው ያውቁት ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጅቡቲ። አሁን ወገባቸው ቀጥ ብሎ መቀመጥ አይችልም። ተኝቶ መዋልን ደግሞ እሳቸው አይወዱም። መደገፊያ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ታችኛው ወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። ሐኪማቸውም ደገፍ ብለው ውጭ እንዲቀመጡ መከሯቸው።

ቤታችን ደሴ ነው፣ ከጦሳ ግርጌ። ግቢያችን ተዳፋት ነው። ደሴን የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። እኔ ሥራዬም ኪራይ ቤቴም ኮምቦልቻ ነው። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ያለው፣ የከፍታ ልዩነቱ ግን ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ሐረጎን ስትወጡ ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ይህ ለወንበርም ለውጥ አለው። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐዩ ፕላስቲክ ያደርቃል። ደሴ ላይ ጭጋጉና የክረምቱ ዝናብ ብረት ያዝጋል። እኔ ቤት አንድ ዓይነት፣ አባባ ዘንድ ሌላ ዓይነት አለ፤ ስለዚህ የማወራው ሁለቱንም ተቀምጬባቸው ነው።

እኔ ዘንድ ያለው ጥርስ ያለው ነው። ገበያው ላይ በብዛት የምታገኙትም እሱን ነው። የክንድ ማሳረፊያው ከመደገፊያው ጋር ተያይዟል፣ ከሥሩ ደግሞ ጥርሶች ተደርድረዋል። ፍሬሙ ላይ ያለች ፒን ከጥርሶቹ በአንዱ መካከል ትገባለች። ማሳረፊያውን ከፍ ስታደርጉት ፒኗ ትላቀቃለች፣ መደገፊያውን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ትወስዱታላችሁ፣ ስትለቁት ሌላ ጥርስ ውስጥ ጠቅ ብላ ትገባለች። አምስት ወይም ሰባት ደረጃ ይኖረዋል፤ ከደረጃ ደረጃ መሃል ማቆም የለም።

ይህ ወንበር ሲይዝ ይይዛል። ክብደታችሁ ራሱ ጥርሱን ፒኗ ላይ ይጫነዋል፣ ስለዚህ ቀስ እያለ የሚንሸራተት ነገር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ሰው ሲቸኩል ነው። ግራና ቀኙ እኩል ጥርስ ላይ መግባት አለባቸው። ግራው ሦስተኛው ላይ፣ ቀኙ አራተኛው ላይ ከገባ ፍሬሙ ይጣመማል፣ ሸክሙም ለአንድ ወገን ይሆናል። ሌላው፣ ከወንበሩ ስትነሱ ማሳረፊያውን ወደ ታች ተጫኑት እንጂ ወደ ላይ አትሳቡት። ወደ ላይ ሲሳብ ጥርሱ ይለቃል፣ መደገፊያውም አብሮ ይሄዳል። ጎረቤታችን የወደቁት በዚህ ነው። ጥርሶቹ ፕላስቲክ ከሆኑ ደግሞ ከበጋው በኋላ በደንብ እዩዋቸው። ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ ቀጭን ስንጥቅ ያወጣል። ስንጥቅ ካያችሁ አትቀመጡበት፣ ልጅም አታስቀምጡበት።

ለአባባ ግን ጥርስ ያለው አልሆነም። ደረጃውን ለመለወጥ ሁለቱንም ማሳረፊያ እኩል ማንሳት ያስፈልጋል፣ የእሳቸው ትከሻ ደግሞ ይህን አይችልም። በየጊዜው ሰው መጥራት ሊኖርባቸው ነው። ሰው መጥራት ለሚከብደው አባት እንዲህ ያለ ወንበር ባለበት ተቀምጦ የሚቀር ዕቃ ይሆናል። የእንጨቱም እንዲሁ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ጆን ቶማስ ሙር የባለቤትነት መብት ያወጣበት ዓይነት፣ ከኋላ ያለውን አግዳሚ እንጨት ከአንዱ ቁርጥ ወደ ሌላው የምታዛውሩበት ማለቴ ነው። ያማረ ነው፣ ጠንካራም ነው፣ ግን ደረጃውን ለመቀየር ከነጭራሹ መነሳት አለባችሁ።

ስለዚህ ሻጮቹ ዜሮ ግራቪቲ የሚሉትን ፈለግን። ስሙ የመጣው ከጠፈር ነው። በ1973 እና በ1974 እ.ኤ.አ. ናሳ ስካይላብ በተባለችው የጠፈር ጣቢያ ላይ ሰዎች ሲያኖር አንድ ነገር ታየ። ክብደት በሌለበት ጡንቻ ሁሉ ሲላላ፣ ሰውነት በራሱ ጊዜ ከወገቡ ወደ ኋላ ከፈት፣ ከጉልበቱ ደግሞ እጥፍ ይላል። በጭኑና በጀርባው መካከል ያለው ማዕዘን 128 ዲግሪ ገደማ ነው። ወንበሩ ያንን አቀማመጥ ነው የሚኮርጀው። ክብደታችሁን አያጠፋላችሁም፣ ጀርባና ጭን ላይ ያካፍለዋል እንጂ። እግር ከፍ ይላል፣ ወገብ ያርፋል። አባባ ሱቁ ውስጥ ገና ጋደም ሲሉ ፊታቸው ሲፈታ አይቻለሁ።

አሠራሩ ከጥርሱ ፍጹም የተለየ ነው። መደገፊያውና የእግር ማሳረፊያው አንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሳል፣ ስለዚህ ክብደታችሁ ሚዛን ይጠብቃል። በጀርባ ገፋ ስታደርጉ ትተኛላችሁ፣ በእግር ጫን ስታደርጉ ትነሳላችሁ። ማንንም መጥራት የለም። ለእኔ ዋናው ይኸው ነው። መቆለፊያው በግራና በቀኝ ማሳረፊያው ሥር ያለ እጀታ ነው። እጀታውን ስታጥፉት ውስጥ ያለችው ወጣ ያለች ጎን ዞራ ተንሸራታቹን ቱቦ ታጣብቀዋለች። ጥርስ የለም፣ ደረጃ የለም። በፈለጋችሁት ቦታ ትቆማላችሁ።

አባባ እጀታውን ከፍተው ዘግተው፣ ከፍተው ዘግተው፣ «ያኛው ማርሽ ነው፣ ይሄኛው ፍሬን ነው» አሉ። «ማርሽ ካልተሰበረ አይለቅም። ፍሬን ግን ይበላል፣ ሁልጊዜ ማየት አለብሽ።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትም አልሰማሁም።

እሳቸው ታዲያ እንደ ሹፌር ነው የፈተሹት። መሃል ላይ አቁመው ሁለቱንም እጀታ ቆለፉ። በእስክሪብቶ ቱቦው ላይ፣ መያዣው ጫፍ ሥር፣ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ወገባቸውን ግራና ቀኝ አወዛወዙ፣ በጀርባቸው ገፋ ገፋ አደረጉ። ሻይ መጣላቸው፣ እዚያው ሆነው ጠጡ። ሲነሱ ምልክቷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ «አብሽሩ አባባ፣ እስኪበቃዎት ይሞክሩት» እያለ አንድም ጊዜ ፊቱን አላጠቆረም። ደሴ ፒያሳ እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ ነጋዴ ሳገኝ ደስ ይለኛል፣ ገንዘቤንም ደስ ብሎኝ እሰጣለሁ። ሌላ ሱቅ ውስጥ ግን «ሳይገዛ አይቀመጥበትም» ተብለን ወጥተናል። ሳትቀመጡበት የሚተኛ ወንበር አትግዙ።

ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ወንበሮች ቀርበውልን ነበር። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፣ ሳምንት ሳይሞላው ይለወጣል። ልዩነታቸውን ያየነው እጀታውን ገልብጠን ስናይ ነው። አንደኛው እጀታ በሪቬት ተመትቷል። ሁለተኛው በብሎንና በዳዶ ታስሯል። የመረጥነው ሁለተኛውን ነው፣ እናንተም እሱን ምረጡ። የሚያጣብቀው ክፍል መበላቱ አይቀርም። ብሎን ያለው ሲላላ በቁልፍ ትንሽ ታጠብቁታላችሁ፣ ያልቃል። ሪቬት ያለው ሲላላ ግን የሚጠብቅ ነገር የለውም፣ ወይ ብየዳ ቤት መሄድ ነው፣ ወይ መጣል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክም አንብቡ። ብዙዎቹ 120 ኪሎ አካባቢ ነው የሚሉት። ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው መቆለፊያው መንሸራተት ይጀምራል፣ ጨርቁ ምንም ሳይሆን።

ወንበሩ ቤት ከገባ በኋላ ያየናቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው ዘይት ነው። መጋጠሚያዎቹ ሲንጫጩ የሰማ አንድ የሠፈራችን ልጅ፣ አባባን ለመርዳት ብሎ፣ ሁሉንም ዘይት ቀባቸው። ተንሸራታቹን ቱቦ ጭምር። ልጁ ቅን ነው፣ ነገሩን ማንም አልነገረውም። በማግስቱ አባባ ሁለቱንም እጀታ ቆልፈው ጋደም ሲሉ ወንበሩ ቀስ እያለ ተዘረጋ። አልተጎዱም፤ ሚዛኑ ያዛቸው። ቱቦውን በሞቀ ውሃና በዕቃ ሳሙና አጥቤ፣ በደረቅ ጨርቅ ደጋግሜ ስወለውለው እንደ በፊቱ ያዘ። ዘይት ለመጋጠሚያዎቹ ብቻ ነው፣ እሱም ጠብታ። እጀታው የሚያጣብቀው ቱቦ ደረቅና ንጹሕ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጋቢ ነው። ደሴ ላይ ማለዳ ውጭ የሚቀመጥ አዛውንት ጋቢ ሳይለብስ አይቀመጥም። የጋቢው ጫፍ በማሳረፊያው ሥር ይወርድና በቱቦውና በመያዣው መሃል ይገባል። እጀታው የተዘጋ ይመስላል፣ የያዘው ግን ብረት ሳይሆን ጥጥ ነው። አሁን አባባ ከመቆለፋቸው በፊት ጋቢያቸውን በሁለቱም ጎን ወደ ጭናቸው ይሰበስባሉ። ፎጣም ብርድ ልብስም ያው ነው።

ተዳፋቱም አለ። ወንበሩን ስታስቀምጡ የመደገፊያው ወገን ወደ ዳገቱ፣ እግራችሁ ወደ ቁልቁለቱ ይሁን። ስትተኙ ክብደታችሁ ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ጀርባችሁ ወደ ቁልቁለቱ ከሆነ ከነወንበሩ ልትገለበጡ ትችላላችሁ። ወደ ጎን ያዘነበለ ቦታ ላይ ደግሞ አንደኛው መቆለፊያ ከሌላው የበለጠ ይሸከማል፣ ቀድሞ የሚበላውም እሱ ነው። እኛ ዝቅ ባለው እግር ሥር ጠፍጣፋ እንጨት ታኮ አድርገናል። ድንጋይ አታድርጉ፣ ይንሸራተታል።

ልጆች ካሉ ስትዘረጉትም ስታጥፉትም አርቋቸው። እግሮቹ የሚተላለፉበት ቦታ ጣት ይቆርጣል ብላችሁ አስቡት። እኔ የእህቴ ልጅ እጇን ልታስገባ ስትል ነው የደረስኩት።

ክረምት ላይ ውጭ አታሳድሩት። ብረት ከሆነ ዝገቱ የሚጀምረው መያዣው በሚፈገፍገው ቦታ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ቀለሙ እዚያ ይላጣል። አሉሚኒየሙ አይዝግም፣ ቀላልም ነው፣ ግን ውድ ነው። ጨርቁን ከፍሬሙ ጋር ያሰረው ላስቲክ ገመድም በጊዜ ይላላል። እሱ አያሳስብም፣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ላስቲክ ገመድ ገዝታችሁ በዚያው ቀዳዳ ማስገባት ትችላላችሁ።

የሚያስቸግረው መያዣው ውስጥ ያለችው የፕላስቲክ ቡሽ ናት። ቱቦውን የምታቅፈው እሷ ናት፣ ስትሳሳ ብሎኑን ብታጠብቁም አይዝም። የእኛ የቀኙ ሲበላ መለዋወጫ ፍለጋ ደሴን ዞርኩ፣ ኮምቦልቻንም ዞርኩ። አንድም ሱቅ የለውም። በመጨረሻ አሮጌዋን ይዤ ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት ገባሁ። ባለሙያው በካሊፐር ለክቶ፣ ከወፍራም ናይለን ዘንግ ቆርጦ አወጣልኝ። ከፋብሪካዋ ወፈር ያለች ናት፣ ቱቦውን ጥርቅም አድርጋ ይዛዋለች። አባባ ለግራውም አንድ እንዳሠራ አዘውኛል። ወንበሮቹን የምታስመጡ ነጋዴዎች፣ ይህቺን ቡሽ ለየወንበሩ ሁለት ትርፍ አድርጋችሁ ብታመጡ፣ የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነኝ።