ናሙናው ወዴት እንደሚሸሽ የሚገምት ሶፍትዌር፦ ሲሪያል ኢኤም

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለቶሞግራፊ፣ ማለትም ናሙናን ከብዙ ማዕዘን አንስቶ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ለመገንባት፣ የሚሆኑ ምስሎችን በእጁ ያነሳ ሰው የሲሪያል ኢኤምን ጥቅም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ናሙናውን ከአንዱ ጎን 60 ዲግሪ እስከ ሌላው ጎን 60 ዲግሪ፣ በ3 ዲግሪ ልዩነት ማዘንበል 41 ምስል ይጠይቃል፤ በየዝንባሌውም ናሙናው ከእይታው መሐል ይንሸራተታል፣ ትኩረቱም (ፎከሱ) ይዛባል። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር በዴቪድ ማስትሮናርዲ የተሠራው ይህ ነፃ ሶፍትዌር ያንን ሁሉ ማስተካከል ከሰው እጅ ይረከባል።

ከሁሉ የማደንቅለት ግምቱን ነው። ማስትሮናርዲ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳብራራው፣ ሶፍትዌሩ ናሙናው ባለፉት ዝንባሌዎች የሄደበትን መንገድ ተከታትሎ ቀጥሎ የት እንደሚገኝ ያሰላል፤ ግምቱ አስተማማኝ በሆነ ጊዜ ለፍለጋና ለትኩረት ብቻ የሚነሱ ምስሎች ይቀራሉ። በቅጽበት የቀዘቀዘ ሥነ ሕይወታዊ ናሙና በኤሌክትሮን ጨረር ስለሚጎዳ፣ ይህ ቁጠባ ከሰዓት አልፎ የምስሉን ጥራት ይወስናል።

እንዲህ ከምስል ተነስቶ የሚሠራ ሶፍትዌር የሚጠራበት «የማሽን እይታ» የሚለው ስም ግን ከሚገባው በላይ እንዳያስጠብቅ እሰጋለሁ። አብዛኛው ሥራ ሁለት ምስሎችን አነባብሮ ምን ያህል እንደተዛነፉ መለካት ነው። ለምሳሌ ትኩረቱን ሲያስተካክል ጨረሩን በጥቂቱ ወደ አንዱ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ጎን አዘንብሎ ምስል ያነሳል፤ በምስሎቹ መካከል ከሚታየው መዛነፍ የትኩረቱን ስህተት ያሰላል። ያየው ነገር ምን እንደሆነ ግን አይገባውም። አንድ ጊዜ ናሙናውን ለሚሸከመው ወንፊት (ግሪድ) ዘንግ እጅግ የቀረበ ቦታ መርጬ፣ ምስሉ ሲጨልም ምን ማድረግ እንዳለበት በቅንብሩ ሳልወስን ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ ጠዋት ስመለስ በከፍተኛ ዝንባሌ የተነሱት ምስሎች በሙሉ ዘንጉ የጋረዳቸው ጥቁር ገጾች ነበሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሶፍትዌሩ የታዘዘውን በትጋት ፈጽሟል።

ዒላማ መምረጡንም ለምስል ትንተና መስጠት ለሚሻ፣ የአውሮፓ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያስተዋወቁት ፓይ ኢኤም የተባለ፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ መሣሪያ አለ፤ ሌላ ፕሮግራም የለያቸውን ቦታዎች ለሲሪያል ኢኤም ያቀብላል።

ገጽታው በአዝራርና በቁጥር የታጨቀ ነው፤ አስቀድሞ የሚደረገው ልኬትም ትዕግሥት ይፈትናል። አልፎ አልፎ አንድ ናሙና ለሚመለከት ሰው አልመክረውም። በመቶ የሚቆጠሩ ቦታዎችን በተመሳሳይ መንገድ ማንሳት ያለበት ግን ይጫነው፤ የመጀመሪያውን ሙሉ ዙር ሳያይ ብቻ ከወንበሩ አይነሳ።