መብረቅ የመታውን ወንድማችንን ያሳከምንበት የነርቭ ክሊኒክ

የአክስቴን ልጅ ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ አካባቢ መብረቅ መታው። ዝናቡ ሲበረታበት ዛፍ ሥር ተጠልሎ ነበር። አብረውት የነበሩት ሁለት በሬዎች እዚያው ሞቱ፣ እሱ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከዚያ በኋላ ስላሳከምንበት አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ስላለ የግል የነርቭ ክሊኒክ ነው። ማስታወቂያ እንዳይመስል ስሙን ትቼዋለሁ። የሚጠቅማችሁ እንዴት እንዳዩት ማወቁ ነው።

ተረፈ ሲባል ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። መብረቅ ከመታቸው አስር ሰዎች ዘጠኙ ያህል ይተርፋሉ፣ ከተረፉት ግን ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ችግር ይዘው ነው የሚኖሩት። የእኛም ልጅ የመጀመሪያው ቀን እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት፣ ቀዝቅዘው፣ ቀለማቸውም ጠቁሮ ነበር፤ ማታ ላይ ተመለሱለት። ደረቱ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነ ቀይ ምልክት ወጥቶ በማግስቱ ጠፋ። ቤተሰቡ እፎይ አለ። ከዚያ ነው ዋናው ጣጣ የመጣው። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የጆሮ ጩኸት፣ ገበያ ወርዶ ሂሳብ መሳሳት፣ እና ድሮ በማናውቀው ሁኔታ በትንሽ በትልቁ መቆጣት።

መጀመሪያ የወሰድነው ሌላ ቦታ ነበር። ኤምአርአይ የሚባለውን የአንጎል ምስል ተነሣና "ምንም የለበትም" ተባልን። ይቺ ቃል ናት ቤቱን ያመሰችው። ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ሰነፈ ማለት ነው የሚል መጣ፣ መንፈስ ነው የሚልም መጣ። ጠበል ወሰድነው፣ አሁንም ይጠመቃል፣ በዚያ ቅር አይለኝም። ግን አንድ ሰው ታምሞ ሳለ አልታመምክም ሲባል ምን እንደሚሆን አይቼዋለሁ፤ ከሰው ጋር መብላት ሁሉ ትቶ ነበር።

ቦሌ ያለችው ዶክተር ኤምአርአዩን አየችና ወደ ጎን አስቀመጠችው። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። የት ነበር የቆምከው? ራስህን ስተህ ነበር? ማን አነሳህ? ቀጥላ ወደ ሚስቱ ዞረችና "ከድሮው ምኑ ነው የተለወጠብሽ?" አለቻት። ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቃትም ነበር። ብዙ አወራች፣ አለቀሰችም።

የምርመራው ምስል የሚያሳየው የአንጎልን ቅርጽ ነው፣ መብረቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው አሠራሩን ነው አለችን። መብራት ከፍና ዝቅ ሲል የተቃጠለ ቴሌቪዥን ከውጭ ሲያዩት ምን ይጎድለዋል? ስለዚህ ሌላ ዓይነት ምርመራ ሠራችለት። ቁጥር ወደ ኋላ ማስቆጠር፣ ቃላት ነግራው ቆይታ ደግሞ መጠየቅ፣ ሥዕል ማስገልበጥ፣ ሳትቸኩል፣ ሲደክመው እያሳረፈችው። ውጤቱ ትኩረቱና የቅርብ ጊዜ ማስታወሱ በግልጽ መቀነሱን አሳየ። "አላበድኩም ማለት ነው፣ ዶክተር?" አላት። "አላበድክም፣ ተጎድተህ ነው" አለችው። ለእኔ የከፈልነው ብር ሁሉ ለዚች መልስ ቢሆንም አይቆጨኝም።

በሬዎቹ ሞተው እሱ ለምን እንደተረፈም ነገረችን። መብረቅ ሰውን በቀጥታ የሚመታው ጥቂት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ ዛፍ ላይ ይወርድና በመሬት ውስጥ ይሰራጫል፣ ከዚያ በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው ይወጣል። የበሬ የፊትና የኋላ እግሮች የተራራቁ ስለሆኑ የበለጠ ኃይል ያልፍበታል፣ መንገዱም በልብ በኩል ነው። ደግሞ በጣም አጭር ቅጽበት ስለሆነ፣ አብዛኛውም በቆዳ ላይ ስለሚሄድ፣ ከባድ ቃጠሎ ብዙም አይታይም። አልተቃጠለምና አልተጎዳም ያልነው እኮ ለዚህ ነው።

ሲወድቅ ጎረቤቶች ይይዘናል ብለው መንካት ፈርተው እንደነበር ስትሰማ ቆጣ አለች። መብረቅ የመታው ሰው ሰውነት ኤሌክትሪክ ይዞ አይቆይም፣ ወዲያውኑ መንካት ይቻላል። ብዙ ሰው አብሮ ከተመታ ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚጮኸው ሳይሆን የሞተ ለሚመስለው ነው። ልብ ቆሞ በራሱ ሊነሳ ይችላል፣ ትንፋሹ ግን ቆሞ ይቆያል፤ ያኔ ደረቱን እየተጫነ ትንፋሽ የሚሰጠው ካላገኘ ልቡ እንደገና ይቆማል። ይህን በአንድ ገጽ አትመው ለገጠር ቤተሰብ ቢሰጡ ምን ነበረበት? ክሊኒኩ ምንም ወረቀት የለውም።

ሕክምናው ተአምር አይደለም። የነርቭ ሕመም ማስታገሻ፣ እንቅልፍ የሚያስተካክል መድኃኒት፣ ሁሉን ነገር ደብተር ላይ መጻፍ፣ ሥራም ቀስ በቀስ መጀመር። ራስ ምታቱ ቀንሷል፣ እንቅልፉም መጥቷል። ማስታወሱ ግን ገና ነው፣ ዶክተሯም ወር ጠብቁ ብላ አላታለለችንም።

መጥፎውን ልንገራችሁ። ዋጋው ይጎዳል፣ እያንዳንዱ ምርመራ ለየብቻ ነው የሚከፈለው። ሪሴፕሽኑ ደግሞ አሳፋሪ ነው። ተራ የሚጠራው በስም ነው፣ በዚያ ጫጫታ፣ እና ልጃችን ሳይሰማ ተራው ሲያልፈው ልጅቷ ተቆጣችው። የጆሮው ታምቡር ተቀዶ ነበር እኮ! መብረቅ በሚመታበት ጊዜ ይህ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ነርቭ የሚያክም ቦታ በደንብ የማይሰሙ ሰዎችን እንዴት እንደሚጠራ ሊያውቅ ይገባል።

የጆሮና የዓይን ሐኪም እዚያ የለም፣ ሌላ ቦታ ነው የሚልኩት። ዓይኑን አትርሱ፤ ሞራ ከወራት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል አሁን ደህና ነው ቢባልም ደግሞ መታየት አለበት። የትም ብትሄዱ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት የማስታወስና የትኩረት ምርመራ ይሠሩ እንደሆነ በስልክ ጠይቁ። ከመመታቱ በፊት በደንብ የሚያውቀውን ሰውም አብራችሁ ውሰዱ፣ ሚስቱን ወይም እናቱን፤ እሱ ራሱ የተለወጠውን ሁሉ አያስታውሰውምና።