የ1983ቱ ወይስ የ2011ዱ? ሁለት የኬኔዲ ድራማዎች

ሁለቱም ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ቤተሰብ ናቸው፤ የሚያዩት ግን በተለያየ በር ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር)። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ በ1983 ያሳየውና ማርቲን ሺን ፕሬዚዳንቱን የሆነበት «ኬኔዲ» ከዋይት ሀውስ ብዙም አይርቅም። ከ1960 ምርጫ ኬኔዲ እስከተገደሉባት ዳላስ፣ በቃ።

ባለ8 ክፍሉ «ዘ ኬኔዲስ» (2011) ግን የአባትየው ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ጆሴፍ ኬኔዲ በለንደን የአሜሪካ አምባሳደር ሳሉ የራሳቸው የሥልጣን ሕልም ሲከሽፍ ምኞታቸውን ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። የበኩር ልጃቸው በ1944 በጦርነቱ ሲሞት ሸክሙ በጆን ጫንቃ ላይ ያርፋል። ቶም ዊልኪንሰን አባትየውን ሲጫወት ታስፈራለህ፣ ታሳዝናለህም ያሰኛል። የጆንን ወንድም ሮበርትን የሆነው ባሪ ፔፐር ደግሞ የቴሌቪዥን ሽልማቱን ኤሚን አግኝቶበታል። ድራማው ግን ሐሜት በዝቶበታል፤ ሂስትሪ ቻናል እንኳ ያሠራውን ድራማ አላሳይም ብሎ ሪልዝ ቻናል ላይ ነው የታየው።

እኔ የ2011ዱን እመርጣለሁ፤ ለታሪክ ትክክለኛነቱ ሳይሆን ለአባትየው ስል። ዳላስን ለማየት ግን የ1983ቱ ይሻላል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1963 የኬኔዲ እንግዳ ሆነው ሁለት ወር ሳይሞላ ለኬኔዲ ቀብር መመለሳቸውን ለሚያውቅ፣ ያ ክፍል ሌላ ስሜት አለው።