ለአትክልተኛችን ምስጋና፣ ግቢ ላላችሁ ጥቆማ

ቱሉ ዲምቱና አካባቢው የምትኖሩ፣ ትንሽ ግቢ ኖሯችሁ ጎመን ወይም ቆስጣ ለመትከል የምታስቡ ሁሉ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። አትክልተኛችን ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ በሰፈራችን ስለ ጓሮ አትክልት የሚጠይቅ ሰው ስለማይጠፋ፣ ለሁሉም በአንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

የኛን ሰፈር አፈር ታውቁታላችሁ። ጥቁር መረሬ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፣ የረገጠውን ጫማ ይዞ ያስቀራል። በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ጤፍ ይችለዋል። ካሮትና ሽንኩርት ግን ውሃ ሲተኛባቸው ሥራቸው ታፍኖ ይበሰብሳል። በዚያ ላይ ቤቱ ሲሠራ የተረፈ የብሎኬት ስባሪና የደረቀ ሲሚንቶ ግቢያችን ውስጥ ተደፍቶ ነበር። ያነጋገርናቸው ሰዎች በሙሉ ምክራቸው አንድ ነበር፤ ቀይ አፈር በሲኖትራክ አስመጡ።

ጋሼ መጀመሪያ የመጡ ቀን ዶማ እንኳ አላነሡም። ግቢውን ዞሩ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ የጠዋት ፀሐይ የት እንደምታርፍ ጠየቁን። ከዚያ «አፈሩ ደኅና ነው፣ ያስቸገራችሁ ውሃው ነው። ብራችሁን አታውጡ» አሉን። የአፈሩን ግዢና ማራገፉን እሳቸው ቢይዙት ኖሮ ጥሩ ክፍያ ያገኙ ነበር። እኔ ያመንኳቸው እዚያው ላይ ነው።

ስባሪውን አስለቀሙ። መረሬ እርጥብ ሳለ ከተቆፈረ ጓል ይሆናልና ጠፈፍ እስኪል አስጠበቁን። ከዚያ ከፍ ያሉ መደቦች ሠሩ፣ በየመካከሉም ውሃውን ወደ ውጭ የሚያወርድ ቦይ አወጡ። የወጥ ቤቱን ልጣጭና የቡና አተላ ከደረቅ ቅጠል ጋር እያነባበርን፣ አልፎ አልፎ እያገላበጥን ኮምፖስት እንድናዘጋጅ አስተማሩን። በ3 ወር ገደማ ጠቁሮ፣ የአፈር ሽታ ይዞ ወጣ። ትኩስ እበት ደግሞ ሥር ያቃጥላል ብለው እስኪበስል ድረስ ጥግ ላይ አስቀመጡት። ዛሬ መደቡ ውስጥ ጣት ሲገባ ይሰምጣል። ያ የድሮው አፈር ነው ብል የሚያምነኝ የለም።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል ሆኖ አልቀጠለም። ነሐሴ ላይ በረዶ ወረደና ቆስጣውም ጎመኑም ወንፊት ሆነ። እኛ ነቅለን ልንጥለው ነበር። ጋሼ በስልክ «እንዳትነቅሉት! የተቀደደውን ቅጠል ብቻ ቁረጡ፣ እምቡጡን አትንኩ» አሉን። ጎመኑ ከመሐል አቆጥቁጦ እንደገና በላነው። ወዲያው ደግሞ ከላይኛው መንገድ ላይ የተከመረ የግንባታ አሸዋ የመንገዱን ቦይ ደፍኖት፣ ሌሊት ጎርፉ ተገልብጦ ግቢያችን ገባ። የሰፈሩ ወጣቶች ማንም ሳይጠራቸው አካፋ ይዘው ወጥተው፣ ዝናቡ እየወረደባቸው ቦዩን ከፈቱልን። ጋሼም በማግሥቱ ማልደው መጡ፤ ከፊሉን መደብ እንደ አዲስ አቆሙት። የዚያን ቀን ሒሳብ ብንለምናቸውም አልተቀበሉም። «የሰፈሩ ልጆች በነጻ አድረው እኔ ልቀበል?» ነው ያሉት።

በበጋ ውሃ በፈረቃ ሲሆን ያተረፉልን የግቢ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። ከሮቷቸው ላይ ጎማ በአጥሩ አሳልፈው ችግኙን አጠጡልን። የሐበሻ ጎመኑንም ዘር፣ ጤና አዳሙንም የሰጡን እሳቸው ናቸው። እግዜር ይስጥልን እትዬ፤ ይህን ሳልጽፍ የጋሼን ሥራ ብቻ ባወራ ልክ አይሆንም።

ስለ ውርጭ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስለሚበልጥ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጎመንና ካሮት ይችሉታል። ድንችና ቲማቲም ግን ባንድ ሌሊት ይጠቁራሉ። ጋሼ ቲማቲሙን በክረምት አልተክልም ብለው እምቢ አሉ፤ እርጥበቱ በሽታ ያመጣበታል። ከመስከረም በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ተከሉት። ውርጭ በሚያሰጋበት ሰሞን ቀን ላይ አፈሩን አጠጡት፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራልና። ማታ ማታ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አለበስነው። ጎመኑ ላይ ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ሲወጣም መድኃኒት ግዙ አላሉንም። የባሰበትን ቅጠል አስወግደው ሌላውን አመሻሽ ላይ በሳሙና ውሃ አጠቡት።

ለምትቀጥሯቸው ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ሥራቸው ቀስ ያለ ነው፤ በአንድ ቀን ለምለም ግቢ ማየት የሚፈልግ ሰው ይቸገራል። የጌጥ ሣርና አበባ አይሠሩም፣ የሚበላ ነገር ነው የሚተክሉት። ዋጋቸውን ግቢውን ካዩ በኋላ ነው የሚነግሯችሁ፣ ከተናገሩት ላይም አይጨምሩም። እሑድና በበዓል ቀን አትደውሉላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ለክረምቱ መደብ የምታሠሩ ከሆነ ግንቦት ሳያልቅ ተነጋገሩ፤ መረሬው ከራሰ በኋላ ዶማ አያነሡም።