ማክስጃክስ ሊፍት፦ ጣሪያው ዝቅ ላለ የቤት ጋራዥ

ማክስጃክስ ኤም7ኬ የሚባለውን ባለ ሁለት ምሰሶ የመኪና ማንሻ ሊፍት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ከተከልኩ ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ጋራዥ ላለውና መኪናውን ራሱ ለሚጠግን ሰው ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለኝ፤ ወለሉን ሳታውቁ አትግዙ። ሊፍት የሚያስብ ሰው ሁሉ ስንት ፓውንድ ያነሣል፣ ስንት ዶላር ነው ብሎ ይጀምራል። መኪናውን ተሸክሞ የሚውለው ግን ብረቱ የቆመበት ኮንክሪት ነው።

አዲስ አበባ ሙያውን ስማር ሥራው ሁሉ በጉድጓድ ነበር። ጉድጓድ ዘይት ለማፍሰስ ደህና ነው፤ ጎማ ተፈትቶ ፍሬን ሲሠራ ግን ያው ክሪክ መፈለግ አይቀርም። እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላም ለዓመታት በክሪክና የተነሣውን መኪና ደግፎ በሚይዘው የብረት እግር፣ በካቫሌቶ፣ ስሠራ ኖሬያለሁ። እዚህ ያለን ሹፌሮች ኪሎ ሜትራችን ብዙ ነው፤ የፍሬን ሸራ፣ ጎማ ማዟዟር፣ አሞርዛተር፣ የማያልቅ ነገር ነው። በዚያ ላይ በክረምት መንገዱ ላይ የሚረጨው ጨው የፍሬን ቱቦውን ከስር ይበላዋል፤ መኪናው ካልተነሣ ደግሞ አይታይም። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ስር ደረቱን የሚያስገባ ጓደኛ ያላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ተቆጡት። ክሪክ ያነሣል እንጂ አይጠብቅም።

ወደ ምርጫው ስመጣ፣ ብዙ ያሰብኩት ስለ ጣሪያው ነው። የእኔ 8 ጫማ ተኩል ነው። የንግድ ጋራዥ ውስጥ የምናየው ሙሉ ቁመት ያለው ባለ ሁለት ምሰሶ 12 ጫማ ገደማ ጣሪያ ይፈልጋል፣ ባብዛኛውም 220 ቮልት መስመር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ወጣ። ባለ አራት ምሰሶው ብዙ ጊዜ በወለል ላይ መታሰር እንኳ አይፈልግም፤ አንዱን መኪና በሌላው ላይ ለማሳደር ግሩም ነገር ነው። ግን መኪናው በጎማው ስለሚቆምበት ፍሬን ለመሥራት ተጨማሪ ክሪክ ማስገባት ግድ ይላል፤ ዋናው ሥራዬ ደግሞ ፍሬን ነው። ክዊክጃክ የሚባለው ተንቀሳቃሹም ጥሩ ነው። ኮንክሪት አይበሳም፣ ሲጨርሱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሚያነሣው ግን 2 ጫማ እንኳ አይሞላም፤ ያው መተኛት ነው። ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ ግን ሌላ ሳታስቡ እሱን ግዙ።

ማክስጃክስ ያሸነፈኝ በሁለት ነገር ነው። ሞተሩ በተራው የቤት መብራት፣ በ110 ቮልት ይሠራል። ምሰሶዎቹ ደግሞ ይነቀላሉ። ባለቤቴ በጥር በረዶ መኪናዋ ውጭ እንዲያድር አትፈልግም፣ ትክክል ናት። ብሎኖቹን ፈትቼ ምሰሶውን አዘንብዬ በራሱ ትንንሽ ጎማዎች እየገፋሁ ግድግዳው ጋ አቆመዋለሁ። ወለሉ ውስጥ የተቀበረው የብሎኑ እናት ከኮንክሪቱ እኩል ስለሆነ መኪናው እላዩ ላይ አልፎ ይቆማል። ቀዳዳው ውስጥ የጨው ውሃ እንዳይገባ ግን መክደኛ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ወለሉ። መመሪያው ቢያንስ 4 ኢንች ውፍረትና 3,000 ፒ.ኤስ.አይ (በአንድ ካሬ ኢንች የሚሸከመው ፓውንድ) ጥንካሬ ያለው ኮንክሪት ይጠይቃል። የቤት ጋራዥ ወለል ባብዛኛው 4 ኢንች ተብሎ ይፈሰስና፣ ስር ያለው አፈር እኩል ካልተደለደለ አንዱ ጥግ 5፣ ሌላው 3 ተኩል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ምሰሶ በሚቆምባቸው ቦታዎች ቀጭን ቀዳዳ በሱና ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብታችሁ ለኩ። የእኔ በግራ 5 ኢንች፣ በቀኝ ከ4 ትንሽ ዘለል ያለ ሆነ። ስንጥቅና መጋጠሚያ መስመር አጠገብም አይተከልም። ወለሉ ካላስተማመነ፣ ቆርጦ አውጥቶ በብረት እንደገና ማፍሰስና 28 ቀን እስኪጠነክር መጠበቅ ነው። ይህን ወጪ የሚሸሽ ሰው ሊፍቱንም ባይገዛ እመርጣለሁ።

ዳላስና ላስ ቬጋስ ላላችሁ ወገኖች ለብቻው የምለው አለኝ። እዚያ ብዙ ቤት የሚሠራው ውስጡ የተወጠረ የብረት ገመድ ባለው ኮንክሪት ላይ ነው። አንዳንዱ ጋራዥ ወለሉ ላይ ‹‹አትብሱ፣ አትቁረጡ›› የሚል ማኅተም አለው፤ አንዳንዱ የለውም። መብሻው ያንን ገመድ ካገኘው በዚያ ውጥረት ተበጥሶ ሰው ሊገድል፣ የቤቱንም መሠረት ሊጎዳ ይችላል። ገመዱ የት የት እንደሚያልፍ በባለሙያ ሳታስፈትሹ መብሻ አታንሡ።

ዕቃውን ያመጣው የጭነት ድርጅት ማውረጃ ያለው መኪና ይላክ ብዬ ብከፍልም ማውረጃ የሌለው ላከልኝ። ሹፌሩ በር ላይ አቁሞ ‹‹አውርድ›› አለኝ። ጎረቤቶች ደርሰውልኝ በሰው ጉልበት አወረድነው። ሳጥኑ ተሰንጥቆ ስለነበር ከመፈረሜ በፊት ፎቶ አንሥቼ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩ፤ አንድ የጎደለ ዕቃም በዚያ ማስረጃ ተተካልኝ። እናንተም ሳትከፍቱ አትፈርሙ።

ተከላው ላይ አንድ የሠፈር ልጅ አግዞኛል። መጀመሪያ በኖራ ክር የጋራዡን መሐል መስመር ጣልን፤ ከሱ ተነሥተን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለክተን የምሰሶዎቹን እግር ምልክት አደረግን። መብሻው ሲገባ ከቀዳዳው ዱቄት የመሰለ ነጭ አቧራ ይወጣል። መሐል ላይ ድምፁ ቀጥኖ መብሻው አልሄድም ሲል ከሽቦ ማጠናከሪያው ጋር ተጋጥሟል ማለት ነው፤ ያኔ መጫን ሳይሆን በዝግታ ማሳለፍ ነው። ቀዳዳው ካለቀ በኋላ በኮምፕሬሰር መንፋት፣ በብሩሽ መፈግፈግ፣ እንደገና መንፋት። ይህን ሰው ይንቀዋል። ቀዳዳው ውስጥ አቧራ ከቀረ ግን እናትየው ኮንክሪቱን ሳይሆን አቧራውን ነው የምትይዘው። ልጁ ‹‹ጋሼ፣ ይሄ ነገር መኪናው ሲከብደው ወለሉን ነቅሎ አይወጣም?›› አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ክንዶቹ ወደ ውስጥ ስለተዘረጉ ክብደቱ ምሰሶውን ወደ መኪናው ሊጥለው ይታገላል፤ በውጭ በኩል ያሉት ብሎኖች ይሳባሉ። ለዚህ ነው የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ ቶርክ ሬንች፣ ይዘን መመሪያው ባለው ልክ እያንዳንዷን ያጠበቅነው። ምሰሶዎቹን በቱምቢና በውሃ ልክ አየናቸው፤ የቀኙ ስላዘነበለ ከእግሩ ስር ስስ ብረት ሰደድንበት።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ 7,000 ፓውንድ የሚለው ለአራቱም ክንዶች በጋራ ነው። ለአንድ ክንድ 1,750 ይደርሰዋል። የእኔ ቶዮታ ሲዬና ሃይብሪድ 4,600 ፓውንድ ገደማ ናት፤ ሞተሩ ፊት ስላለ የፊት ክንዶች ይበልጥ ይሸከማሉ፣ እንዲያም ሆኖ ሰፊ ትርፍ አለ። ለኤርፖርት ሥራ ሰበርባን የምትነዱ ግን ባዶውን ከ5,500 ፓውንድ በላይ ነው፤ ርዝመቱም ከኋላ የሚጫነው ዕቃም ሲጨመር እኔ በበኩሌ በዚህ ሊፍት አላነሣውም። ሃይብሪድ ሲሆን ደግሞ ከፍተኛ ቮልት የሚሸከመው ብርቱካናማ ሽቦ በምን በኩል እንደሚያልፍ ሳታዩ ክንድ አታስጠጉ፤ ማንሻ ነጥቡ በመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ።

ጎማዎቹ ከመሬት ትንሽ ሲለቁ አቆምና መኪናውን በእጄ አወዛውዛለሁ። ካልተነቃነቀች እቀጥላለሁ። ከዚያ ከሁለቱም በኩል መቆለፊያው ‹‹ቀጭ›› ሲል ሰምቼ፣ ክብደቱን ወደ መቆለፊያው ጥርስ አውርጄ ነው ስር የምገባው። ሃይድሮሊኩ ይዟታል ብዬ አልገባም።

የማይጥመኝ ነገርም አለ። የሚያነሣው 4 ጫማ ያህል ስለሆነ ቆሞ መሥራት የለም፤ ባለጎማ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የምሠራው። ለፍሬን፣ ለጎማ፣ ለአሞርዛተር ከበቂ በላይ ነው። ካምቢዮ ለማውረድ ግን ያስቸግራል። ሁለቱን ምሰሶዎች የሚያገናኝ ሰንሰለትም ገመድም ስለሌለ፣ ዘይቱን እኩል የሚያካፍለው ክፍል ውስጥ አየር ካለ አንዱ ወገን ቀድሞ ይወጣል። መድኃኒቱ እስከ መሬት አውርዶ እንደገና መጀመር ነው፤ አየሩ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ የእኔ ተስተካክሏል።

ሌላ ሊፍት የምትገዙ ከሆነ፣ በተለይ ሙሉ ቁመት ያለውን፣ የአውቶሞቲቭ ሊፍት ኢንስቲትዩት፣ ማለትም ኤ.ኤል.አይ፣ ወርቃማ ምልክት መኖሩን አጣሩ። ሻጩ ‹‹ደረጃውን ያሟላል›› ብሎ መጻፉ ከምልክቱ ጋር አንድ አይደለም። የአንድ ኩባንያ አንዱ ሞዴል ተመስክሮለት ሌላው ሳይመሰከርለት ሊቀር ስለሚችል በኩባንያው ስም ሳይሆን በሞዴል ቁጥሩ ከዝርዝሩ ፈልጉት። ምሰሶዎቹን ነቅላችሁ በመለሳችሁ ቁጥር ደግሞ ብሎኖቹን በቶርክ ሬንች ፈትሹ፤ አንዷ ደጋግማ ከላላች እናትየዋ ኮንክሪቱን ለቃለች ማለት ነውና፣ ቦታው በባለሙያ እስኪታይ ድረስ ሊፍቱ ላይ መኪና አይውጣ።