አይስነር፣ ሃርቪ ወይስ አንጉሌም? አዲስ አበባ ላይ ኮሚክ ስትገዙ የትኛውን ሽልማት ትከተላላችሁ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወይም አራት ኪሎ ከተደረደሩት መጻሕፍት መካከል «የአይስነር ተሸላሚ» የሚል ማኅተም ያለበት ኮሚክ ብታገኙ፣ ለማኅተሙ ብላችሁ ዋጋ አትጨምሩ። መጀመሪያ የሸለመው ማን እንደሆነና የተሸለመው ምን እንደሆነ እወቁ።

በአሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ በዊል አይስነር ስም የተሰየመው ሽልማት ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ውጤቱ ሐምሌ ላይ አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው የኮሚክ ጉባኤ፣ ሳን ዲዬጎ ኮሚክ-ኮን ላይ ይነገራል። አመራረጡ ሁለት ደረጃ አለው። ጥቂት ዳኞች የቀረቡትን ሥራዎች አንብበው በየምድቡ ዕጩዎችን ይለያሉ፤ ከዚያ ደራሲዎች፣ ሠዓሊዎች፣ አርታኢዎች፣ አሳታሚዎችና የኮሚክ ነጋዴዎች ድምፅ ይሰጣሉ። ድምፅ ሰጪው ሁሉንም ዕጩዎች ማንበቡን የሚያረጋግጥ የለም፤ ስሙ የገነነ ደራሲና በብዛት የተሰራጨ መጽሐፍ ያደላላቸዋል። እኛ የምንመክረው ከአሸናፊው ይልቅ የዕጩዎቹን ዝርዝር ስልክ ላይ ይዞ መውጣትን ነው። ዝርዝሩን ያወጡት አንብበው የለዩ ሰዎች ናቸው፤ አምስትና ስድስት አማራጭም ይሰጣችኋል። በአዲስ አበባ ገበያ አንዱን መጽሐፍ ለይቶ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አይስነር ከ30 በላይ ምድቦች አሉት። ለሽፋን ሥዕል፣ ለቀለም፣ ለፊደል አጣጣል ሁሉ ይሸልማል። ማኅተሙ ምድቡን ካልጠቀሰ ታሪኩ ሳይሆን ሽፋኑ ተሸልሞ ሊሆን ይችላል። «ተሸላሚው ደራሲ» የሚል ጽሑፍ ደግሞ ስለ ሰውየው እንጂ ስለያዛችሁት መጽሐፍ አይናገርም። ዓመቱንም አስተውሉ፤ በ2024 የተሸለሙት በአብዛኛው በ2023 የታተሙ ናቸው።

ገንዘባችሁ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ከሆነ ከአይስነር ምድቦች ሁለቱን ያዙ፤ የግል ትዝታና አዲስ ግራፊክ ኖቭል (በሥዕል የተነገረ ረጅም ታሪክ)። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ በአንድ ጥራዝ ተጀምረው የሚያልቁ ናቸው። በ2023 በትዝታ ምድብ ያሸነፈው የኬት ቢተን «ዳክስ» የትምህርት ብድሯን ለመክፈል አልበርታ የነዳጅ ማውጫ ሥራ የገባች ወጣትን ሕይወት ይተርካል። ለሥራ ዓረብ አገር የሄደች እህት ወይም የአክስት ልጅ ያለው አንባቢ ካምፑን፣ ብቸኝነቱንና የደመወዙን ስሌት ወዲያው ያውቀዋል። ወሲባዊ ጥቃት ስላለበት ግን ለልጅ አይሰጥም።

ተከታታይ ኮሚክ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሳጋ» ከ2013 እስከ 2015 ሦስት ዓመት በተከታታይ በምርጥ ቀጣይ ኮሚክ ምድብ አሸንፏል፤ ይገባዋልም። ግን የመጀመሪያው ቅጽ የያዘው ስድስት ዕትም ብቻ ነው፤ ታሪኩ ገና እየሞቀ ያልቃል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቅጽ የሚያመጣላችሁ ሰው ከሌለ አትጀምሩት። ይህም ለአዋቂ ብቻ ነው።

ሌላው የአሜሪካ የኮሚክ ሽልማት ሃርቪም የተጀመረው በ1988 ነው፤ አሁን ኒው ዮርክ ኮሚክ-ኮን ላይ ይሰጣል። ምድቦቹ ጥቂት ናቸው፤ ለማንጋ (ለጃፓን ኮሚክ) እና ከሌላ አገር ለመጣ መጽሐፍ የተለየ ቦታ አለው። ከአይስነር ጋር አብሮ የሚታይ ማጣሪያ እንጂ ብቻውን መመሪያ አይሆንም።

ፈረንሳይኛ ለምታነቡ የፈረንሳዩ የኮሚክ ፌስቲቫል የአንጉሌም ሽልማት ይበልጣል። ፌስቲቫሉ በ1974 የተጀመረ ሲሆን ለአንድ መጽሐፍ የሚሰጠውን ዋና ሽልማት፣ ፎቭ ዶርን፣ የሚወስነው አነስተኛ የዳኞች ቡድን ነው። ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጎመ ሥራም ይወዳደራል፤ በ2024 ያሸነፈው የአሜሪካዊው ዳንኤል ክሎውስ «ሞኒካ» ነው። ምርጫቸው ደፋርና አንዳንዴ ከበድ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ከዋናው ሽልማት ይልቅ የመጀመሪያ ሥራ ሽልማታቸው ይቀላል። በ2006 ይህን ያገኘው የማርጌሪት አቡዌና የክሌማን ኡብሬሪ «አያ» በ1970ዎቹ በኮት ዲቯር ከተማ አቢጃን የሚኖሩ ልጃገረዶችን ያሳያል፤ እንግሊዝኛውም አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ፒያሳ ያለውን የአሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ የፈረንሳይ አልበም (የኮሚክ መጽሐፋቸው) ጠንካራ ሽፋን ያለውና ትልቅ ስለሆነ ከውጭ ሲመጣ ሻንጣ ላይ ይከብዳል።

ለልጅ ስጦታ ከሆነ አይስነር የልጆችን ምድብ በዕድሜ ከፍሎታል፤ ከመጽሐፉ ስም ቀድማችሁ የዕድሜ ምድቡን ተመልከቱ። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የሚሰጡት የልጆች መጽሐፍ ሽልማት ኒውበሪም በ2020 ለጄሪ ክራፍት «ኒው ኪድ» ሲሰጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሚክ አሸንፏል። አዲስ ትምህርት ቤት ለገባ የአሥር ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

ሻጩ ፊት ቆማችሁ መጽሐፉን መሃል ላይ ክፈቱት። በወረቀቶቹ መጋጠሚያ ያለው ጽሑፍ ካልተነበበ ወይ ማጣበቂያው ጠንክሯል፣ ወይ ፎቶ ኮፒ ነው። ፎቶ ኮፒ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን የማንጋን ጥቃቅን ነጠብጣብ ጥላም ይደፍነዋል፤ ፊቶች ጥቁር ይሆናሉ። ወፍራም የተጣበቀ ጥራዝ ከሆነ ጀርባው ላይ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ከተሰነጠቀ ገጾቹ መርገፋቸው አይቀርም። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ መጀመሪያው ከኋላ ነው፤ ተገልብጦ ታትሟል ብላችሁ አትመልሱት።

በስክሪን ለማንበብ የምታስቡ ልኩን አስሉ። የአሜሪካ ኮሚክ ገጽ 17 በ26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 10 ኢንች ታብሌት ላይ ከመጠኑ 80 በመቶ ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ይነበባል። ወደ 32 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው የፈረንሳይ አልበም ግን ከመጠኑ 65 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚሆን ሁሌ ማጉላት ይጠይቃል። ለስልክ ማንጋ ይሻላል፤ ገጹም ትንሽ ነው፣ ቃሉም ጥቂት።

በአማርኛም በእንግሊዝኛም የታተመውን «ጀምበር»ን የመሰሉ የአገራችን ኮሚኮች ማኅተም የላቸውም ብላችሁ አትለፏቸው። የእነዚህ ሽልማቶች ዳኞች አማርኛ ያነባሉ ተብሎ አይጠበቅም።