ሃሞክ ለመስቀል፦ ባለ ቀለበት ጠፍር ወይስ የቤኬት ቋጠሮ?

ሃሞክን፣ ማለትም በሁለት ዛፎች መካከል የሚንጠለጠለውን የጨርቅ አልጋ፣ ለመስቀል ባለ ቀለበቱ ጠፍር ለጀማሪ ይመቻል፤ ዛፉን ዞሮ ይታሰራል፣ ካራቢነሩ (ተከፍቶ የሚዘጋው የብረት ማያያዣ) ከተሰፉት ቀለበቶች በአንዱ ይገባል፣ አለቀ። ግን ስፌቱና ብረቱ ሸክም ይጨምራሉ፤ ርዝመቱም እንደልብ አይስተካከልም።

በእግር ለሚጓዝ ሰው የምመርጠው ቤኬትን ነው። ቀለበት የሌለው ተራ ጠፍር ጫፉ በሃሞኩ የገመድ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፣ ከቀለበቱ ጀርባ ይዞራል፣ ከዚያ ታጥፎ በራሱ ሥር ይሸጎጣል። ክብደት ሲያርፍበት ራሱን ነክሶ ይይዛል፤ ለመፍታት የተንጠለጠለውን ጫፍ መሳብ ይበቃል። ከመተኛት በፊት ግን በእጅ ጫን ብሎ መፈተን ግድ ነው።

በሁለቱም ጠፍሩ ከአግድም 30 ዲግሪ ያህል ያዘቅዝቅ፤ ያኔ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እያንዳንዱን ጎን በ70 ኪሎ ያህል ይስበዋል፤ ይበልጥ ከተወጠረ ጭነቱ ይከብዳል። ቀጭን ገመድ የዛፉን ቅርፊት ስለሚቆርጥ የጠፍሩ ስፋት ከ2.5 ሳንቲሜትር ባያንስ ጥሩ ነው።